ሲባጎ ቁጥር አንድ

ሲባጎ ግዛ ተብሎ የተላከ ሰው ከራፕ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። እውነት አላችሁ። ግን ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ቡናው እስኪፈላ ላጫውታችሁ።

ወሩ ጥቅምት ነው። ከተማችን ሸሕዲ ላይ ጥቅምት ማለት ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ቆባው ይፈነዳና ፍሬውን መሬት ላይ ይዘራዋል። ስለዚህ ከጎጃሙም ከወሎውም ከደጋው ጎንደርም የወረደው ሳሉግ፣ የወቅቱ የቀን ሠራተኛ፣ አጭዶ፣ አስሮ፣ ነዶውን ሂላ አቁሞ፣ አራግፎ ጆንያ እስኪያስገባ ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። አጎቴ እርሻ ላይ ጆንያው ሞልቶ መስፊያው አለቀበት። ብር ቆጠረልኝና «ሲባጎና የጆንያ መርፌ። የትም ሳትቀመጥ ተመለስ» አለኝ። «ሳትቀመጥ» ማለቱ የእጁ ስለሆንኩ ነው፤ ያውቀኛል።

ከብሩ ጋር ኪሴ ውስጥ አንድ ፍላሽና አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱ የዓመቱ ምርጥ ሚክስቴፖች ዝርዝር ነው። በየዓመቱ አወጣለሁ፤ አውጣ ያለኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። «የዓመቱ» ስላችሁ ደግሞ አሜሪካ የወጣበትን ዓመት እንዳይመስላችሁ፤ እኛ ዘንድ ዳታው አንዴ መጣሁ አንዴ ሄድኩ ሲል ስለሚከርም፣ የአንድ ዘፈን ዓመቱ ሸሕዲ የደረሰበት ዓመት ነው። በዚህ ሂሳብ የዘንድሮው አንደኛዬ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአቤል ተስፋዬ «ሃውስ ኦፍ ባሉንስ» ሆነ። የሐበሻው ልጅ ቶሮንቶ ቁጭ ብሎ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሚክስቴፕ ለቀቀ፤ ሦስቱንም በነጻ! «እሱ እኮ ዘፋኝ እንጂ ራፐር አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም፤ የራሱን ዝርዝር ያውጣ። ሁለተኛ የኒፕሲ ሃስል «ክሬንሻው»፤ አባቱ ኤርትራዊ ስለሆነ ጎረቤት ብዬ ያስገባሁት ነው። ከድንበሩ፣ ከገለባት ማዶ ደግሞ አይመን ማው አለ፤ በ2019 ካርቱም ላይ አደባባይ ወጥቶ ለተቀመጠው ሕዝብ የራፐው ሱዳናዊ። የካስማሰ «ማለዳ» አልበም እንጂ ሚክስቴፕ አይደለም፤ ግን ስለምወደው ደንቡን አሻሻልኩለት።

ሲባጎ የሚሸጥበት ሱቅና ሙዚቃ የሚጫንበት ሱቅ ግድግዳ መጋራታቸው የኔ ጥፋት አይደለም። ጫኚው ልጅ ከኮምፒውተሩ ኋላ ቬንትሌተሩን ለብቻው ታቅፎ ተቀምጧል። ያ ሙቀት የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ቬንትሌተር ያለበት ቤት ሰው ሳያስበው ይቀመጣል። ተቀመጥኩ።

ወረቀቱን አየና «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው ወንድም ዓለም?» አለኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ የኔ አፍ ግን ዝም ማለት አልፈጠረበትም። ጀመርኩለት። ዲጄ ኩል ኸርክ በ1973 ብሮንክስ ውስጥ በእህቱ ድግስ ላይ ሸክላ ሲያጫውት ሂፕ ሆፕ እንዴት እንደተወለደ፣ በኋላ ዲጄዎቹ ያጫወቱት በካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት ይሄድ እንደነበር፣ ሁሉንም። «እንግዲህ አንተ የምትሠራው ሥራ ማለት ይሄ ነው» አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ ተቀመጠ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

«ኒፕሲ ይሄን በ2013 ስንት እንደሸጠው ታውቃለህ? አንዱን ሲዲ መቶ ዶላር! አንድ ሺህ ብቻ አሳትሞ! ጄይ ዚ ለብቻው መቶ ሲዲ ገዛ!»

ልጁ አይጡን ለቀቀው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ወረቀት አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። «ታዲያ እኛ በዚህ ዋጋ ምን እየሠራን ነው?» አለና ዋጋውን ጨመረ። ነገሩን ላለሳልስ ብዬ ዲጄ ድራማን አነሳሁ፤ ሥራው ዝም ብሎ ብር የሚታፈስበት እንዳልሆነ፣ በ2007 አትላንታ ላይ ፖሊስ ቢሮው ገብቶ ወደ 81 ሺህ ሲዲ ጭኖበት እንደሄደ፣ እሱንም እንዳሰረው። ልጁ በሩን ገርበብ አደረገ። «አደገኛ ሥራ ነዋ!» አለና ዋጋውን እንደገና ጨመረበት።

ልመና ገባሁ። «የአጎቴ ብር ነው፣ የሲባጎ ብር ነው፣ ሰሊጡ ሜዳ ላይ ነው ያለው» አልኩት። አዘነልኝ። ዋጋውን ግን አልቀነሰም፤ «ሌላ ነገር ልጨምርልህ» አለ። ይሄኔ ምክር ለመምከር የተፈጠረው አፌ «ትክክለኛ ሚክስቴፕ እኮ ዲጄው በየዘፈኑ መሐል ይጮህበታል፤ ዲጄ ክሉ ስሙን በማሚቶ ነበር የሚጠራው» አለ። ልጁ ዓይኑ በራ። «ያንተንም ስም ልጥራ?» አለኝ። «ጥራ!» አልኩት፤ ክብር ማን ይጠላል! አፍ ሲያመልጥ ራስ ይመለጥ ያሉት ለኔ ነው። እሱ ማይክ ፍለጋ ጓዳ ሲገባ እኔ በተረፈኝ ብር ሲባጎ ልገዛ ወጣሁ። የደረሰኝ ጥቅል ትንሽ ነው። መርፌውማ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

እርሻ ስደርስ መሽቷል፤ ሳሉጉ እራቱን በልቶ ተጋድሟል። አጎቴ ስለ ሲባጎው ከመጠየቁ በፊት ቶሎ ብዬ ፍላሹን ካቦው ስፒከር ላይ ሰካሁና «አሁን ጆሮ ያለው ይስማ!» ብዬ መሐል ቆምኩ። የአቤል ድምፅ ገና እንደጀመረ ያ የተባረከ ልጅ በማሚቶ አቋረጠው፦

«ይህ ጥቅል የተጫነው... በአጎቱ... በሲባጎ ብር ነው... ነው... ነው!»

ካምፑ ጸጥ አለ። ዘፈኑን ዘለልኩት። ቀጣዩም ላይ አለ። ኒፕሲም ላይ አለ። «ማለዳ» ላይ ደግሞ ስሜን ከነአባቴ አስገብቶበታል። ሳሉጉ ከዚያ ወዲያ ዘፈኑን አልፈለገውም፤ «እለፈው፣ እለፈው፣ ሰውየው ጋ አድርሰን!» ይሉኛል። መጨረሻ ላይ ፍላሹ ቦታ ስለተረፈው ልጁ በራሱ ፈቃድ የሱዳን ዘፈንና የጎንደር እስክስታ ሞልቶበት ኖሮ፣ ተነስተው ትከሻቸውን ሰበቁ። በየመሐሉ ማሚቶው ሲመጣ ሁሉም አብረው «ነው! ነው! ነው!» ይላሉ።

አጎቴ አልተቆጣም። ብሩ የት እንደገባ ሳስረዳው፣ መቶ ዶላሩንም ጄይ ዚንም ሳልደብቅ ስነግረው፣ እጁን አጣምሮ ሰማኝ። ከዚያ «እንግዲያው ያ መቶ ዶላር የሸጠው ልጅ ሲባጎ ይላክልን» አለና ወደ ጆንያው ዞረ። ኒፕሲ በ2019 መሞቱን ልነግረው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ያዝኩት። በማግስቱ ጆንያ አፉን በጨርቅ ብጥስጣሽ ሳስር ዋልኩ፤ የጎደለው ብርም ከቀን ክፍያዬ ተቆረጠ።

ሳሉጉ ግን ፍላሹን ተቀባብሎ ቀዳው። ሥራው ሲያልቅ አገሩ ሲገባ ይዞት ገባ። ጫኚው ልጅም ቅጂውን አስቀርቶ ኖሮ በር ላይ በትልቁ «ሲባጎ ቁጥር 1 እዚህ ይጫናል» ብሎ ለጥፎበታል። ድርሻዬን ብጠይቀው «አቤል በነጻ አልለቀቀም እንዴ?» አለኝ። ራሴው ያስተማርኩት ነው፤ ምን እላለሁ! አሁን ከተማ ስገባ ባጃጁም ባለሱቁም ስሜን ትቶ ሲባጎ ይለኛል፤ ቁጥር ሁለት መቼ ነው የሚወጣው ብሎም ይጠይቀኛል። እኔም ዝርዝሩን ይዤ ተቀምጫለሁ። አጎቴ ለከርሞ ጆንያ ግዛ ብሎ ከላከኝ፣ ብሩ ከሲባጎ ይበልጣል።