ከዕቅድ በላይ ተከናውኗል

ሐምሌ ገባ ማለት በጀት ዓመቱ ተዘግቶ ግምገማው ተከፈተ ማለት ነው። ባነር ይሰቀላል፤ ሃይላንድ ውሃ በየወንበሩ ፊት ይደረደራል፤ ፕሮጀክተሩ እስኪበራ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ከዚያ ያቺ የማትሰለች ሠንጠረዥ ትመጣለች፦ የታቀደ፣ የተከናወነ፣ በመቶኛ። መቶኛው ከ95 አይወርድም፤ 103ም፣ 112ም አይጠፋም። መጨረሻ ላይ «አፈጻጸሙ አበረታች ነው፤ ይሁን እንጂ አንዳንድ ክፍተቶች ታይተዋል» ይባልና ይጨበጨባል። ክፍተቶቹ ግን ቁጥር ተሰጥቷቸው አያውቁም።

ጎንደር ኖሮ በዚህ ያልተማረረ ካለ ሪፖርቱን ያዘጋጀው ሰው መሆን አለበት።

ውሃን እንውሰድ። «የንጹሕ ውሃ ሽፋን» የሚባል መለኪያ አለ። ቧንቧ ደጅህ ከደረሰ ተሸፍነሃል። ውሃ ያምጣ አያምጣ የሌላ ዓምድ ጉዳይ ነው፤ ዓምዱ ደግሞ የለም። እኛ የምንኖረው በፈረቃ ነው። ተራችን ሲደርስ የምትመጣው ሌሊት ስምንት ሰዓት ግድም ነው። መጀመሪያ ቧንቧው ያስላል፣ ቀጥሎ ነፋስ ይተፋል፣ ቆጣሪው በነፋሱ ይሽከረከራል፤ የነፋሱን ሂሳብም እንከፍላለን። ጎረቤት «መጣች! ተነሡ!» እያለ የአጥር ቆርቆሮ ይደበድባል። ባልዲው፣ ሳፋው፣ ቢጫ ጀሪካኑ፣ የሕፃን መታጠቢያው ሳይቀር ይሰለፋል። ደፍርሳ ትጀምርና ጠራ ስትል ቀጥ ትላለች። የቀረውን ጊዜ ጀሪካን በባጃጅ ማመላለስ ነው። ውሃ የምናገኝበት የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማዋም እየሰፋች እንደሄደች ሁሉም ያውቃል። የመገጭ ግድብ ይደርስላችኋል ከተባለም ከአሥር ዓመት በላይ ሆነ፤ የግንባታው መቶኛ ከፍ ማለቱ በየጊዜው ይነገረናል። መቶኛ ደግሞ ጀሪካን አይሞላም።

ወደ ሥራ ዕድል ስንመጣ የባሰ ነው። አንድ የሰፈራችን ልጅ በኮብልስቶን ጠራቢነት ተደራጅ ተብሎ ተደራጀ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ተቆጠረ። ድንጋዩ አለቀ፣ ማኅበሩ ተበተነ። በኋላ በዶሮ እርባታ ተደራጅቶ ዳግመኛ ተቆጠረ፤ ዶሮዎቹን ፈንግል ጨረሳቸው። ከዚያ የሰው ባጃጅ ሲይዝ እሱም «በአገልግሎት ዘርፍ» ገባ። በሪፖርቱ ሦስት ሰው ነው። እናቱ ግን ዛሬም የምታበላው ያንኑ አንዱን ልጅ ነው።

ቱሪስቱም ያው ነው። ፋሲል ግቢ በር ላይ የሚቆረጠው ትኬት እውነተኛ ቁጥር ነው፤ እሱን አልነካም። ነገር ግን ያው እንግዳ ሆቴል ሲያድር ይመዘገባል፣ ግቢውን ሲጎበኝ ይቆጠራል፣ ደባርቅ ወጥቶ ወደ ስሜን ፓርክ ለመግባት ስካውትና በቅሎ ሲይዝ ደግሞ እንደ አዲስ ይጻፋል። ስንት ሌሊት አደረ? ካወጣው ብር ስንቱ ለበቅሎ ጫኙ ደረሰ? ይህን የሚጠይቅ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጸጥታው ደፍርሶ በቅሎውም ስካውቱም ሥራ ሲፈቱ፣ በሠንጠረዡ ግርጌ «በጸጥታ ችግር ምክንያት» የምትል ሐረግ ተጨመረች። እሷስ እውነት ናት፣ አታከራክርም። የሚያበሳጨው፣ ሐረጓ ከዚያ ወዲህ ለጠፋ ፋይል፣ ቢሮው ለተቆለፈበት ቀን፣ ለዘገየ ካርታም ማገልገሏ ነው።

እንዲያው ሁሉም ቀርቶ፣ ይህ ሁሉ መቶኛ ለስንት ሰው ነው የሚካፈለው? ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ጎንደር 207,044 ነዋሪ ነበራት። የሚቀጥለው ሲራዘም፣ ሲራዘም ቀረ። በ1999 አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት ያመላልሳል። እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቅ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ይዘን አካፋዩ ግምት ነው። (መቼም በጎንደር ቁጥር ከዝርዝሩ ቀድሞ መታወቁ አዲስ አይደለም፤ 44ቱን ታቦት የማያውቅ የለም፣ የትኞቹ ናቸው ሲባል ግን ክርክሩ ይጀመራል።)

መቁጠር አይቻልም እንዳይሉን ደግሞ ዳባት ቅርብ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚያ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እያስዞረ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባውንና የለቀቀውን ሲያስመዘግብ ኖሯል። በዚያ ደጋ፣ በዚያ ብርድ። ደግሞም «የልደት አፈጻጸም 108 በመቶ» ሲባል አልሰማንም።

እኛ የምንለው ረቂቅ ነገር አይደለም። በየቀበሌው ውሃ በወር ስንት ቀን መጣች? መስከረም ላይ የተከፈተ ሱቅ ሰኔ ላይ አለ ወይስ ቆልፎ ሄደ? አንዲት ንግድ ፈቃድ ለማሳደስ ሰው ስንት ጊዜ «ነገ ተመለስ» ተባለ? ዘንድሮ ስንት እንደነበረ ተጽፎ፣ ለከርሞ ስንት እንደሚሆን ይነገረን።

ይህንኑ ፒያሳ ሻይ ስንጠጣ ለአንድ የዕቅድ ባለሙያ ወዳጄ አወራሁት። ደግ ሰው ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። እስኪበቃኝ አዳመጠኝና «አንተ ሰው» አለኝ፣ «ሐሳቡስ ጥሩ ነበር። ግን የውሃዋን ቀን ለክቼ የክፍሌ ውጤት ቀይ ሲገባ፣ የደረጃ ዕድገቴን ማን ሊሞላልኝ ነው? አጠገቤ ያለው ክፍል'ኮ ሥልጠና ብቻ እየቆጠረ 110 ያመጣል።»

አልፈረድሁበትም። ሂሳብ ከፍሎ ተነሣ፤ ከሰዓት በኋላ የአዲሱ ዓመት ዕቅድ ትውውቅ ነበረበት።