«ራሳችሁ ቀላቅሉ» የሚሉት ጠረጴዛ

ደከመን። እሑድ ረፋድ ላይ ቤቴል፣ አየር ጤና ወይም ወይራ ሰፈር አንድ ቤት በተጠራን ቁጥር ይኸው ጠረጴዛ ጥግ ይዞ ይጠብቀናል። በአንድ በኩል አምቦ ውሃ፣ ስፕራይትና ነጭ ወይን፤ በሌላ በኩል የማንጎ፣ የፓፓያና የእንጆሪ ጭማቂ በየጆጉ፤ ፊት ለፊት የተከተፈ አናናስ፣ በክብ የተቆረጠ ሎሚ፣ ናና። ከበላዩ ደግሞ «ራሳችሁ ቀላቅሉ» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ግብዣው ብራንች ይባላል፤ ቁርሱም ምሳውም አንድ ላይ፣ አራት ሰዓት ላይ። በዚህ ቅር አይለኝም፤ ከቅዳሴ መልስ በዚያ ሰዓት ሰብሰብ ብሎ መብላት ድሮም የነበረ ነው። ያማረረኝ ጠረጴዛው ነው። ጋባዧ ሌሊቱን ስትለፋ አድራለች፤ እንግዳው ጉሮሮው ደርቆ ባዶ ብርጭቆ ይዞ ተቀምጧል። ሁለቱም ተቸግረዋል፣ ሁለቱም በይሉኝታ ዝም ብለዋል።

እንግዳው ለምን እንደማይነሣ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠጣው ሲቀዳለት ነው። መጀመሪያ «ይበቃኛል» ይላል፤ «በሞቴ» ይባላል፤ «እንግዲያው ትንሽ» ይልና ይቀበላል። በሰው ቤት ጠርሙስ አንሥቶ ለራስ መቅዳት፣ ያውም ወይን፣ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። አባባና እማማ የምንላቸው ትልልቆቹማ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር ተሰልፈው፣ ናና በማንኪያ ሊያሹ አይችሉም። አይነሡም። አጠገባቸው ያለው ወጣትም ድሮ ቢሆን «አባባ፣ ምን ላምጣልዎት?» ብሎ ብድግ ይል ነበር፤ አሁን ግን ካርቶኑ ሁሉም ለራሱ ይቅዳ ስላለ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛውን ፎቶ ያነሣል።

ይህ አገር መቅዳትን ማዕረግ ያለው ሥራ አድርጎ የኖረ ነው። በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊ ነበረ። ምኒልክ ባሠሩት የግብር አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ ገብቶ ሲበላ፣ የሚጠጣውን የሚያቀርቡለት አሳላፊዎች ነበሩ። አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ከጠጁ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ ለመጠጡ ደኅንነት ዋሱ ራሱ ነው። ዛሬም ሠርግና ክርስትና ላይ ጆግ ይዛ የምትዞረው የጎረቤት ልጅ የማን ብርጭቆ እንደጎደለ፣ ማን ከነጭራሹ እንዳልጠጣ፣ ማንን በዘዴ ማለፍ እንደሚገባት ዓይኗ ያያል። እሷን አስቀምጠን በቦታዋ ካርቶን የሰቀልነው ምን አግኝተን ነው?

«ጋባዧን ያሳርፋታል» ይሉኛል። እስቲ ዝግጅቱን ከቅዳሜ ጀምሮ እንየው። አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄዷል። ፍራፍሬ በጅምላ ዋጋ ላግኝ የምትል የአየር ጤና ሴት በጀሞ አድርጋ እዚያ ድረስ መውረድ አለባት። ጉልበቱም መኪናውም ከሌላት ከሰፈር ፍራፍሬ ቤት በችርቻሮ ትገዛለች። ማንጎውም እንደ ድሮው አይደለም። ነጩ የማንጎ ተባይ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ከታየ ወዲህ እየተዛመተ ገበሬውን ጎድቶታል፤ ገዢውም ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን እየለየ ይመርጣል። የተመረጠው ቤት ደርሶ ይላጣል፣ ይፈጫል፣ ክሩ እንዲወጣ በወንፊት ይጠለላል። ይህ ሁሉ ጆጉ ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጡ በፊት ነው።

ጠርሙሱስ? አምቦ በብርጭቆ ጠርሙስ ካልሆነ አይጥመንም። ሱቁ ደግሞ ባዶ ጠርሙስ ካላመጣሽ ማስያዣ ክፈይ ይላል፤ ባለሱቁን አልወቅሰውም፣ እሱም ከአከፋፋዩ የሚቀበለው በባዶ ነው። ለአንድ ግብዣ የሚበቃ ባዶ ጠርሙስ ግን ማን ቤት ተከማችቶ ይገኛል? በዚህ ላይ ውሃው በፈረቃ ነው። ለብርጭቆ ማጠቢያ በበርሜል የተያዘው እሑድን ይድረስ አይድረስ አይታወቅም። ቅዳሜ ማታ መብራት ከሄደ በረዶውም ማቀዝቀዣው ውስጥ ውሃ ሆኖ ያድራል።

የቀዘቀዘ ነገር አለመኖሩ ደግሞ መጠጡን ራሱን ይገድለዋል። ጋዝ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ይቆያል፤ ሲሞቅ ይሸሻል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ክዳኑ የተከፈተ ጠርሙስ ጋዙን ቶሎ ይለቃል። ሰው ሁሉ በየተራ ከፍቶ፣ ጥቂት ቀድቶ፣ ሳይከድን ሲሄድ የመጨረሻው እንግዳ የሚደርሰው ጋዙ የወጣ ውሃ ነው። ለብ ያለውን አምቦ ወፍራም የማንጎ ጭማቂ ላይ በአንዴ ሲደፉበት ደግሞ አረፋው ገንፍሎ ጨርቁንም ምንጣፉንም ያዳርሳል። ጭማቂው ቀጠን ብሎ ከሥር መሆን አለበት፤ አምቦው ቀዝቅዞ፣ ብርጭቆው ዘንበል ተደርጎ፣ በመጨረሻ በቀስታ ይጨመራል። አቮካዶማ ከነጭራሹ አይሆንም፤ አቮካዶ የስፕሪስ ነው፣ ከነሎሚውና ከነቪምቶው ጭማቂ ቤት ያምርበታል።

አምቦን ስወድ ስለኖርኩ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ካለ ምንጭ የሚመጣ፣ ከ90 ዓመት በላይ ሲታሸግ የኖረ ውሃ ነው። ባይካርቦኔቱ ብዙ ስለሆነ ሎሚ ሲጨመቅበት ይፈላል፣ የሎሚውም ኮምጣጣነት ይለዝባል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሎሚውን አብዝቶ፣ ስኳሩን ቀንሶ ይሠራዋል። የማያውቀው እንግዳ ግን «አልጣመኝም» ብሎ ግማሹን ትቶ ሌላ ብርጭቆ ያነሣል። በየመስኮቱ ጥግ በግማሽ የተተወ ብርጭቆ፣ ውስጡ የዘቀጠ እንጆሪ። በዚህ የፍራፍሬ ዋጋ!

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝን አሁን ልናገር። ሰፈሮቻችን ያሉበት ኮልፌ ቀራንዮ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርበት ክፍለ ከተማ ነው፤ ግብዣችን ላይ የማይጠጣ ሰው ሁልጊዜ አለ። ሙስሊም ጎረቤታችን አለች፤ ጴንጤ የሥራ ባልደረባችን አለ፤ ጾም የያዘች አለች፤ ነፍሰ ጡር አለች፤ መድኃኒት የሚወስድ አለ። ድሮ ለእነዚህ ሰዎች የሚቀርበው ለብቻው ይዘጋጅ ነበር፤ ለስላሳው በሳጥኑ፣ ብርዙ በራሱ ማሰሮ። አሁን ግን ወይን ያማሰለ ማንኪያ ተመልሶ የማንጎው ጆግ ውስጥ ይገባል። ወይን ያለበትም የሌለበትም ብርጭቆ ከላይ ሲታይ አንድ ዓይነት ብጫ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ዞር ሲሉ ይቀያየራል። ጎረቤታችን ይህን አይታ ውሃ ብቻ ጠጥታ ስትሄድ «ምነው አልጠጣሽም?» የሚላት እንኳ የለም። በእምነቷ ተጠንቅቃ መጥታ፣ እኛ ሳንጠነቀቅላት ቀረን ማለት ነው። ልጆቹም አሉ። ጠረጴዛው ቁመታቸው ልክ ነው፣ ፍሬው ያባብላል፣ የጎልማሳ ዓይን ሁሉ ወሬ ላይ ነው። የሚነዳ ሰውም ራሱ ሲቀዳ ወይኑን ስንት እንዳደረገ አይለካም፤ ጣፋጩ ሸፍኖበት ሦስተኛውን ይጠጣና ቁልፉን አንሥቶ ወደ ቀለበት መንገድ ይወጣል።

ፍራፍሬና አምቦ ይቅር እያልኩ አይደለም። ከአረቄና ከቢራ ይልቅ ይህ ይሻላል፤ ቱርቦ እያሉ ቢራውንም ወይኑንም ስፕራይቱንም በአንድ ጆግ ከሚደባልቁት ደግሞ በብዙ ይሻላል። ግን ቀጂ ይኑረው። ሁለት ወጣቶች በፈረቃ ይቁሙ፤ አንዱ ወይኑ ካለበት፣ አንዱ ከሌለበት ዘንድ። ጠረጴዛዎቹ ይራራቁ፣ ጆጉም ማንኪያውም አይገናኝ፤ ወይን ያለበት መጠጥ እግር ባለው ብርጭቆ፣ የሌለበት በተራው ብርጭቆ ይቀዳ። የጭማቂው ዓይነት ሁለት ቢሆን ይበቃል፤ በደንብ የተጠለለና የቀዘቀዘ ይሁን። ብርዝም አይቅር፤ ማርና ውሃ ብቻ ነው፣ ጾመኛውም ሙስሊሙም ልጁም ይጠጣዋል። መጀመሪያ ለትልልቆቹ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ይድረሳቸው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ከጠጣነው መካከል አንዳችን ባዶውን ጠርሙስ ተሸክመን ከጋባዧ ጋር ሱቅ ድረስ እንሂድ፤ ማስያዣዋ እዚያው ነው ያለው።