ጋቢ የለበሰ ከፎቶው ይውጣልን

ሰው በገዛ እህቱ ቤት፣ የእህቱ ልጅ ቀለበት ስታስር፣ ጋቢህን አውልቅ ሲባል ምን ይላል? እኔ ምንም ሳልል አወለቅሁ። በመስቀል ሰሞን የቡታጅራ ረፋድ እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዘቢዳር ራሱ ደመና ተከናንቦ ቁጭ ብሏል፣ እኔ በሸሚዝ።

ያስወለቀኝ ፕሮሰስ አዋቂው ነው። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለበት ቤት መቼም የለም። ራሱ ከአገር ወጥቶ አያውቅም፤ የሰፈሩን ዲቪ ሁሉ የሚሞላው ግን እሱ ነው። «ኢንተርቪው ላይ እንዲህ ካሉሽ እንዲህ በያቸው» የሚለው እሱ፣ የማንን ፋይል ምን እንደጣለው የሚያውቀው እሱ። ሲገባ ሽማግሌ ይነሳለታል። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋቢውን ያውልቁት፤ የአገር ሽማግሌ መሰሉ» አለኝ። ለምን መጣሁና ነው ታዲያ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የሚኖረው ሲያትል፣ ወገኖቹ ወልቂጤ፣ የእኛ ልጅ ቡታጅራ። ድሮ ቢሆን ከወልቂጤ ቡታጅራ ሚስት መፈለግ ራሱ የሩቅ አገር ጋብቻ ነበር፤ መሀል ላይ የጉራጌ ተራራ አለ። ጉራጌ በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ማስቆረጥ የጀመረው መቼም ለንግድ ብቻ አይመስለኝም፤ አማትና ምራት እንዲጠያየቁም ይሆናል። ዛሬ ተራራው ቀረና ውቅያኖስ ተተካ። አሜሪካም ለእጮኛ ለሚሰጠው ቪዛ የራሱ ሥርዓት አለው። ሁለቱ ባለፉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል ተገናኝተው መሆን አለበት። ልጅቷ እዚያ ከገባች በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለባቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማመልከቻው ሲገባ ያልተጋቡ መሆን አለባቸው። ከተጋቡ የሚስት ቪዛ ነው፤ ቅጹም ወረፋውም ሌላ።

እንግዲህ ከማመልከቻው ጋር የሚገባው የቀለበት ፎቶ መዋደዳቸው እስኪታመን መሞቅ፣ መጋባታቸው እንዳይጠረጠር ደግሞ መቀዝቀዝ አለበት ማለት ነው። አዋቂው ትእዛዙን አወረደው። አበባ ይቻላል፣ ቬሎ አይቻልም። ኬኩ ይቆረስ፣ ግን ባለ አንድ ፎቅ። ሚዜ የሚባል የለም፣ ጓደኛ ነው። ድንኳን ተጥሎ፣ ክትፎ በጣባ፣ ቆጮ በየገበታው ቀርቦ፣ «ማንም ቢጠይቃችሁ ምሳ ነው»። ሽማግሌዎች ይመርቁ፤ ካሜራው ከዞረ በኋላ።

በእኛ ዓይን ግን ልጅቷ የተዳረችው የወልቂጤ ሽማግሌዎች ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው፣ አባቷ «ተቀመጡ» ያለ ዕለት ነው። ስለዚህ ቡታጅራ ላይ ባለ ትዳር ናት፣ ፋይሉ ላይ ያላገባች። ያላገባች መሆኗን የሚመሰክረውን ወረቀት ያዘጋጀላት የቀበሌ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ክትፎውን እያነሳ «ደግሞ እንዴት ያምራሉ! አብረው ያርጁ» ይለኛል። አሜን አልኩት።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ በዚህ አገር በውክልና የማይሠራ ነገር መኖሩ ነው። ቤት በውክልና ይሸጣል። መኪና በውክልና ይገዛል። ውጭ አገር ወንድም ያለው ሰው ሁሉ መሳቢያው ውስጥ አንድ ውክልና አለችው፤ በእሷ ያከራያል፣ ይካሰሳል፣ ግብር ይከፍላል፣ አንዳንዱም ያልተወከለበትን ይሸጣል። እድር በተወካይ ይከፈላል። ለቅሶ እንኳ «እሱ አልተመቸውም፣ እኔን ልኮኝ ነው» ተብሎ ይደረሳል፤ ሟችም አይቀየምም። ጋብቻ ላይ ሲደርስ ግን የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 12ን ያወጣል። ተጋቢዎቹ ራሳቸው ቀርበው ይፍቀዱ ይላል። በእንደራሴ የሚቻለው ከባድ ምክንያት መኖሩንና ሰውየው በእርግጥ መፍቀዱን ፍትሕ ሚኒስቴር ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። እነዚህ ሕግ አርቃቂዎች ሽማግሌ ተልከው አያውቁም እንዴ? ሽምግልና ማኅተም የሌለው ሙሉ ውክልና አይደለም? ልጁ ዝም ይላል፣ እኛ እንወድለታለን። ያላየነውን ጠባዩን እንመሰክርለታለን፣ አይጠጣም እንላለን፣ በጥሎሹ እንከራከርለታለን፣ ሲቆጡን እንቆጣለታለን። ሲያትል ማታ ምን እንደሚበላ ሳናውቅ «ቤተሰብ አክባሪ ነው» ብለን ምለናል። ለእሱ የምንተውለት ቀለበቱን ማጥለቅ ነው፤ ያንንም እጁ ከተንቀጠቀጠ እናግዘዋለን።

ቀለበቱ ሲጠልቅ እህቴ እልል አለች። አንዴ አለች፣ ደገመች። ሦስተኛው ላይ አዋቂው እጁን አነሳና «ይበቃል እትዬ፣ ቪዲዮው ላይ ይገባል» አላት። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እዚህ ላይ ብርዱ ለቀቀኝ። እናት ልጇን ስትድር እልልታዋን የምትመጥነው ለማን ብላ ነው? ኤምባሲ መስኮት ጀርባ ለሚቀመጥ፣ ስሙን ለማናውቀው፣ የእህቴን ክትፎ ላልቀመሰ ሰው! የዚያን ዕለት የክብር እንግዳው እሱ ነበር፤ ድንኳኑ የተጣለው ለእሱ፣ እኛ የተገፈፍነው ለእሱ። ይባስ ብሎ ስለ ልብሱ፣ ስለ ኬኩ፣ ስለ እልልታው ያ ሁሉ ምክር ሲዥጎደጎድ፣ «በ90 ቀኑ ውስጥ ልጁ ሐሳቡን ቢለውጥስ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ያ ቪዛ ከጠራት ሰው ውጪ ሌላ ባል አይቀበልም፤ አላገባም ካላት መመለስ ነው። ክፉ ቢሆንባት ሲያትል ላይ ከማን ደጅ ሄዳ ትጮኻለች? በሰባት ቤት ጉራጌ፣ በወልቂጤዎቹ አገር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የቃቄ ወርድወት ሴቶቹን አስከትላ የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ትዳር ፍርድ ተሟግታለች። ቴአትር ተሠርቶላት ብሔራዊ ቴአትር ሲታይ አጨብጭበናል። ቀለበቱ ላይ ግን ከእሷ አገር የመጡት ሽማግሌዎችም፣ እኛም የቡታጅራዎቹ፣ የተጨነቅነው ለኬኩ ፎቅ ነው።

ይህንኑ ለእህቴ ባል ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ነገርኩት። «ብላ ባክህ፣ ይቀዘቅዛል» አለኝ። በላሁ። ክትፎው ለብ ለብ ያለ ነበር፤ እንዲያ ያለ ክትፎ ይዞ ብዙ መናደድ ያስቸግራል።

ልጁም ክፉ አይመስልም። ሸሚዝ ብቻ ለብሼ ስንቀጠቀጥ አይቶ ጃኬቱን አወለቀና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። እግዜር ይስጥህ ልለው አፌን ስከፍት አዋቂው ከወዲያ ጮኸ፤ «እሱ ይነሳ! እሱ ይነሳ! አንዴ ድገመው!» ደገመው። እኔም ድጋሚ በረደኝ።

አሁን ፋይሉ ገብቷል፣ ልጁ ተመልሷል፣ ፕሮሰሱ እንደ ፕሮሰስ ነው። እህቴ ቪዛው ይምጣ አይምጣ ሳይታወቅ ሻንጣ ጀምራለች። እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ሁለት ሻንጣ፣ ያም በእሷ ቤት ጠቧል። ቆጮ እዚያም ይገኛል የሚሉ አሉ፤ የወልቂጤዋ አማት ደግሞ «የሚገኘው ቆጮ አይደለም» ብለው ደውለዋል። ቅቤው ይለፍ አይለፍ አዋቂው ገና እያጣራ ነው። ያልተጠበቀው የሚጥሚጣው ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም እናቶች አስፈጭተዋል፣ ቦታው የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው። ዳኛ ተብዬ ሁለቱንም ቀምሻለሁ። የእህቴ ያንገበግባል፣ የወልቂጤዎቹ ኮረሪማው በዝቶበታል። ሁለቱም ማታ ማታ እየደወሉ ፍርዱን ይጠይቁኛል፤ እኔም ጉንፋን ይዞኝ ጣዕም አልለይም እያልኩ ነው።