የተሳሳተችው አገሪቱ ናት

የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ በብብቱ ሸጉጦ በሚዞር ቱሪስት የሚስቁ ሰዎች ይበዛሉ። እኔ ከመጽሐፉ ጎን ቆሜያለሁ። መጽሐፍ ቃሉን አያጥፍም። ታትሞ ከወጣ ጀምሮ አንዲት ፊደል አልተነቃነቀችበትም። አዲስ አበባስ? ማታ የተኛችበትን ጠዋት አትነሣበትም። ከሁለቱ ማን ይታመን?

ፒያሳን እንይ። መጽሐፉ ርካሽ ሆቴሎቹን፣ የማኪያቶ ቤቶቹንና የጣሊያን ዘመን ሕንጻዎቹን ቁጥር እየሰጠ በካርታ ላይ ደርድሯቸዋል። በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት መጣና ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በቀጣዩ ዓመት ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ስንት ዘመን የኖረው ሰው ዕቃውን አስጭኖ ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ካሳ አልጠየቁም፣ ምትክ ቦታ ይሰጠን አላሉም። እንዲያውም “ጸጥ ያለ ሰፈር” ተብሎ የተጻፈለት አንዳንዱ ቦታ በጻፉለት ጊዜ ውሸት ነበር፤ አሁን እውነት ሆኗል።

የመንገድ ስም ላይ ደግሞ መጽሐፉ ከከተማው ሕዝብ ይበልጣል። እንግዳው ታክሲ ውስጥ ገብቶ “ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና” ይላል፣ አንድም ሳይሳሳት። ሾፌሩ አትሌቱን ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ መስሎት ግራ ይጋባል። ሃያ ሁለት ቢለው ኖሮ እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ያደርሰው ነበር! የአፍሪካ ጎዳናም ያው ነው፤ ቦሌ መንገድ ካላሉት የሚያውቀው የለም። ለገሃር ብሎ ባቡር ሊሳፈር የመጣውንስ ምን እንበለው? የጅቡቲው ባቡር የሚነሣው ከከተማው ጫፍ፣ ከፉሪ ለቡ ነው። ለገሃርን ለገሃር የምንለው እኛ ነን፤ እዚህ ላይ መጽሐፉን መውቀስ አይቻልም።

በሰዓት ጉዳይ የሚደርሰው ግን ከሁሉ ይብሳል። መጽሐፎቹ ሁሉ ኢትዮጵያውያን ቀኑን ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ፣ ስለዚህ በሰሙት ሰዓት ላይ ስድስት ይደምሩ ብለው ይመክራሉ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ ያለው ሰዉ ጨዋ መሆኑ ላይ ነው። የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣል። የሆቴሏ እንግዳ ተቀባይ ለፈረንጁ አስባ፣ በእርሱ አቆጣጠር አስልታ “በስድስት ሰዓት ይነሣል” ትለዋለች። እርሱ ደግሞ ሌሊቱን ምዕራፉን አጥንቶ አድሯል። ስድስት ሲደመር ስድስት፣ አሥራ ሁለት፤ እኩለ ቀን ማለት ነው። ቁርሱን አጣጥሞ በልቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ለቀትር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መናኸሪያ ይደርሳል። አውቶቡሱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደብረ ማርቆስ ተጠግቷል። እንግዳው ማስታወሻው ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ መገመት አያቅትም፦ በዚህ አገር ሰዓት አይከበርም።

ዋጋውን ጨርሶ ባልነካው ደስ ይለኝ ነበር። በ2009 ዓ.ም በታተመ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ዶላር 22 ብር ግድም ነው። በ2010 መጀመሪያ ብር በ15 ከመቶ እንዲወርድ ተደረገ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ተለቀቀና ከ57 ብር ተነሥቶ ብዙ ሳይቆይ ከ100 አለፈ። መጽሐፉ ከ22 ፈቀቅ አላለም። እንግዳችን ገጹን ገልጦ በጣቱ እያሳየ ከአስተናጋጇ ጋር ይከራከራል፤ እርሷ የተከራየችበት ቤት ኪራይም በዚያው ገጽ ላይ በቀረ ብላ ትመኛለች።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ የሚጽፈው ማን ነው? በጥቂት ሳምንት አገር አዳርሶ፣ የቀረውን ካለፈው እትም ገልብጦ የሚመለስ ሰው ነው የሚሉ ሐሜተኞች አሉ። እኔ ግን መሄድ ራሱ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ቶማስ ኮንስታም የሚባል አሜሪካዊ የመመሪያ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2008 በግልጽ ተናግሮታል፤ ስለ ኮሎምቢያ የጻፈውን ኮሎምቢያን ሳይረግጥ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ተቀምጦ፣ ቆንስላው ውስጥ ከምትሠራ ወዳጁ እየጠየቀ ነው የጻፈው። አሳታሚው ሲጠየቅ፣ ድሮም የታሪኩን ክፍል ብቻ እንዲጽፍ ነው የቀጠርነው ብሎ መለሰ። ይህ ለካ ማስተባበያ ነው! የአንድ አገር ታሪክ አገሩን ሳያዩ የሚጻፍ መሆኑን ከዚህ በላይ ማን ይመስክር?

በትጋት ግን ጣሊያኖችን የሚያህል የለም። የጣሊያን የቱሪዝም ማኅበር በ1930 ዓ.ም ስለ “ጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ” ወፍራም መመሪያ አሳተመ፤ መንገዱ፣ ማረፊያው፣ የከተማው ፕላን አንድም አልቀረው። አርበኞች በሸዋ፣ በጎጃምና በበጌምድር ጫካ ነበሩ። የአክሱምን ሐውልት እንኳ፣ እስከ ትግራይ መውጣት ለሚከብደው ጎብኚ ታስቦ መሰለኝ፣ በ1929 ሮም ድረስ ወስደውለት ነበር፤ የተመለሰው በ1997 ነው። ከመጽሐፉ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1933፣ የአገሩ ስም ከነሽፋኑ ጊዜው አለፈበት። የታረመ እትም አልወጣም።

ይሁንና ሁሉን በፈረንጅ ላይ ማላከክ ነውር ነው። “የ13 ወር ጸጋ” ብለን ፀሐይ የማይጠፋባት አገር አድርገን የሸጥናት እኛው ነን፤ ነሐሴ ላይ መርካቶ ጭቃ ውስጥ ጫማው የቀረበት ቱሪስት ማንን ይክሰስ? አስጎብኚዎቻችንም መጽሐፉን በቃላቸው ይዘዋል። ላሊበላ ላይ አስጎብኚው የአሥራ አንዱን ቤተ መቅደስ ታሪክ ሲያወርድ፣ እንግዳው መስመሩን በጣቱ እየተከተለ፣ አልተሳሳተም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ቄስ ከአባታቸው የሰሙትን አንድ ነገር ጣል ቢያደርጉ ግን እንግዳው አስቀድሞ ገጹን፣ ቀጥሎ እርሳቸውን በሐዘኔታ ያያል፤ ያልተጻፈ ነገር መናገር በሽማግሌ አያምርም። ኦሞ ሸለቆ ደግሞ ነገሩ ከዚህም አልፏል። ሙርሲዎች ለካሜራ ሲሉ በአዘቦት ቀን የማያደርጉትን ጌጥ ራሳቸው ላይ ይከምራሉ፣ ክፍያውን ይቀበላሉ፣ መኪናው ሲሄድ ያወልቁታል። አገር መጽሐፉን መምሰል ሲያቅተው እንዲህ በትርፍ ሰዓቱ ይሞክራል።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ አቤቱታ አለኝ። ሰፈር ስታፈርሱ፣ ብር ስታረክሱ፣ አውቶቡስ ስታስነሡ፣ እባካችሁ ቀጣዩ እትም እስኪወጣ ታገሡን። ይህ ካልሆነ እንግዳው መጽሐፉን ዘግቶ መንገደኛ መጠየቁ ነው። መንገደኛው ደግሞ አቅጣጫ አሳይቶ ዝም አይልም፤ እስከ በሩ ይሸኘዋል፣ ከዚያም ግባና ቡና ጠጣ ማለቱ አይቀርም። መጽሐፉ ግን ቡና እንጠጣ ብሎ ከሚጋብዝ ሰው ተጠንቀቅ ብሎ አስቀድሞ አስጠንቅቆታል።