የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታን መብት ለማስከበር የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ዶዮገና በግና ፍየል ለሚያረቡ ሁሉ።

በ1880ዎቹ «ክፉ ቀን»ን ያመጣው የደስታ መሰል የቅርብ ዘመድ፣ የከብት ደስታ በሽታ፣ በክትባት ብርታት ከምድረ ገጽ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ በመነገሩና ቤተሰቡ ከሐዘን ባለመውጣቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 አቢጃን ላይ የተሰበሰቡ አገሮች ደስታ መሰልንም እስከ 2030 ለማጥፋት በመስማማታቸው፤ የበዓል ገበያ የሚያደምቁት ላታቸው የሰባ የዶዮገና በጎች እጅግ አስጎምጂ ሆነው በመገኘታቸው፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ትርጓሜ። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ብርድ ነው» ማለት ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ሳልና ተቅማጥ ነው። ባለቤቱ «ብርድ ነው፣ ይተዋታል» ባለ ቁጥር የበሽታው የሥራ ፈቃድ እንደታደሰ ይቆጠራል።

አንቀጽ 2። ስለ ገበያ። የታመመች ፍየል ሳትሞት ቶሎ ገበያ ትውጣ። ገዢውም ለሦስት ሳምንት ለብቻዋ ከማቆየት ተከልክሏል፤ በዚያው ምሽት ከነባሮቹ ጋር ጋጣ ትግባ። በሽታው የሚዛመተው በሳል፣ በትንፋሽና በፈሳሽ ንክኪ ሲሆን ከእንስሳው ገላ ውጭ ብዙ መቆየት አይችልም። ስለዚህ የመጓጓዣ ወጪው በአርቢው ይሸፈናል።

አንቀጽ 3። ስለ ሕክምና። ኪኒን በጥብጦ ማጋት ይበረታታል። አንቲባዮቲክ ተደራቢውን የሳንባ ምች ቢያስታግስም የበሽታውን ቫይረስ አይነካውም።

አንቀጽ 4። ስለ ክትባት። ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ቅዝቃዜ ከጎደለው ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ከበረዶ ሳጥኑ ወጥቶ ፀሐይ ይሙቅ። ባለሙያው ቀበሌ በደረሰበት ቀን አራት ወር የሞላቸው ግልገሎች ሁሉ እንሰቱ ውስጥ ይደበቁ።

አንቀጽ 5። ቅጣት። አብዛኛውን መንጋውን ያስከተበ መንደር ከበሽታው ጉብኝት ይታገዳል።

አንቀጽ 6። ስለ አቤቱታ። በዚህ አዋጅ ቅር የተሰኘ አርቢ በግና ፍየሉን ነድቶ በቀበሌው የክትባት ቦታ በአካል መቅረብ ይችላል። አንድ መርፌ የተወጋና ሁለት ሳምንት የታገሠ እንስሳ ቢያንስ ለ3 ዓመት ይህ አዋጅ አይጸናበትም።