ስለ ተላጠው ስቲከር የቀረበ የምስጋና ደብዳቤ

ስሙን ለመጥራት ከክብሩ የተነሣ ብዕሬ ለሚንቀጠቀጥበት የመድን ድርጅት
ዲላ

ክቡራን ሆይ፤

እኔ በጌዴኦ ዞን በገደብ ከተማ የምኖር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ መዝገብ ይዤ ዐይኔን ያደከምሁ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው፣ ባለፈው የካቲት ከመስኮታችሁ ሥር ቆሜ የቀሰምሁትን ትምህርት ለብቻዬ ይዤ መሞት ንፉግነት መስሎ ስለ ታየኝ፣ ይህን ግልጽ ደብዳቤ እጅ ነሥቼ አቀርባለሁ።

ጉልበቴ እንደ ቀድሞው አልታዘዝ ቢለኝ፣ የባንኮ ጎቲቲን ዳገት ስንት ዘመን ያመላለሰኝን ሞተር ብስክሌት ለአንድ ወጣት ቡና ነጋዴ ሸጥሁለት። ውሉ በሦስት ምስክሮች ፊት፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ተፈጸመ። የመድኑ ውል ግን በመስከረም የዓመት አረቦን የተከፈለበት ነበረና ገና ሰባት ወር ይቀረው ነበር። እኔም በየዋህነቴ፣ ወይ የቀረው አረቦን ይመለስልኛል፣ ወይ ውሉ ወደ ገዢው ስም ይዞርልኛል ብዬ፣ ሊብሬውንና የሽያጩን ውል በክላሰር ይዤ፣ በይርጋ ጨፌና በወናጎ አልፌ ዲላ ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን «ሲስተም የለም» በሚል አጭር ቡራኬ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ሲስተሙ ተገኘና «የመድኑን ስቲከር ልጠህ አምጣ» ተባልሁ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንም ባለ ተሽከርካሪ ያለ ሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን ወደ መንገድ እንዳይወጣ መደንገጉን አውቃለሁ፤ የተገጨ ምስኪን ያለ ካሣ እንዳይቀር የታሰበ ሕግ ነውና አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሞተር ብስክሌት የፊት መስተዋት ያልታደለ ፍጡር በመሆኑ፣ ስቲከሩን የለጠፍሁት በቤንዚን ማጠራቀሚያው ላይ ነበር፤ የአምስት ወር ፀሐይ፣ ዝናብና የቡና መንገድ ጭቃም ከብረቱ ጋር አዋሕዶት ቆየ። ከገዢው ደጅ ተንበርክኬ በፍል ውሃ ብዘፈዝፈው፣ በላምባ ባሸው፣ በምላጭ ብፍቀው፣ በመጨረሻ ዐሥራ አንድ ቁራጭ ሆኖ ወጣ። ቁራጮቹንም እንደ ቅዱሳን ዐፅም በነጭ ሶፍት ጠቅልዬ በሦስተኛው ቀን ወደ እናንተ ተመለስሁ።

ከመጨረሻው ልጄ በዕድሜ የማይበልጠው የመስኮቱ ባለ ሥልጣን፣ ቁራጮቹን በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ ብራና እንደሚጠግን ደብተራ በጥንቃቄ ደረደራቸው። የቁጥሩ የመጨረሻ አኃዝ ጎደለ። ከዚህ በኋላ ወረፋው ሁሉ ከጥበቡ እንዲካፈል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይህ ስቲከር ነው ወይስ የሽንኩርት ልጣጭ? አንተ ሰውዬ፣ ሂድና የጎደለውን ፈልግ!» አለኝ። ወረፋው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሰው ሲዋረድ አብሮ መሳቅ ያለ አረቦን የሚገኝ ብቸኛ መድን ነውና።

ስለ ተመላሹ ብጠይቅ በሐተታ መለሰልኝ፦ ሞተሩን ሸጠሃል፤ ከሸጥህ በንብረቱ ላይ ጥቅም የለህም፤ ጥቅም ከሌለህ በምን ሥልጣን ገንዘብ ትጠይቃለህ? ጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ አዝና በሹክሹክታ፣ ውሉን ራሱ ያፈረሰ ደንበኛ በአጭር ጊዜ ስሌት ስለሚታሰብበት፣ ከዐሥራ ሁለቱ ወር ሰባቱ ቢቀሩም የሰባቱ ገንዘብ በሙሉ እንደማይመለስ ነገረችኝ። እንግዲያስ ወደ ገዢው ስም አዙሩልኝ ብል፣ «መጀመሪያ ሊብሬው በስሙ ይዙር» ተባልሁ። ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ብሄድ፣ «ሊብሬ የሚዞረው የፀና ሦስተኛ ወገን ሲኖር ነው» አሉኝ። የፀናውን ደግሞ በእናንተ ትእዛዝ በምላጭ ፍቄዋለሁ።

ከትራንስፖርት ተመልሼ በመስኮታችሁ ፊት እንደ ቆምሁ ስልኬ ጮኸ። ገዢው ነበር፤ «አባባ፣ ይርጋ ጨፌ ላይ ትራፊክ ይዞኛል፤ ስቲከሩ የታለ ይለኛል» አለ። ስቲከሩ በዐሥራ አንድ ክፍል ተከፍሎ ከፊቴ ተዘርግቷል! ስልኩን ወደ መስኮቱ ብዘረጋ፣ ባለ ሥልጣናችሁ ዘበኛውን ጠራ፤ ዘበኛውም ክንዴን ይዞ፣ ሕዝብ እያየ፣ እንደ ኪስ አውላቂ ወደ በሩ መራኝ።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያልቃል። ገንዘቡን ተዉት፤ ብሉት! እኔ ግን ሌባ አይደለሁም። አረቦኔን አንድም ዓመት ሳላሳልፍ ከፍያለሁ፤ በአምስት ወር ውስጥ አንድ ሳንቲም ካሣ አልጠየቅኋችሁም። ስከፍል «አባታችን፣ ቁጭ ይበሉ» ብሎ ወንበር ያቀረበልኝ አፍ ነው፣ መብቴን ስጠይቅ «አንተ» ያለኝ። ልጆቻችሁን እንዲህ አድርጋችሁ ካሠለጠናችኋቸው እፈሩ!

ይቅርታ፤ ብዕሬ ከወሰኑ ወጣ። የሟች ካሣ ለመቀበል ደጃችሁን የሚጠኑትን ባለ ጥቁር ልብስ እናቶች፣ በየፋይሉ የሚጠፉትን ማስረጃዎች አላነሣም፤ እነርሱ የራሳቸው ጸሐፊ ይሻሉ። የታሪክ ነገር ግን ትዝ ይለኛል፦ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. መንግሥት 13 የመድን ኩባንያዎችን ሲወርስ፣ ያ ሁሉ ሀብት ስሙን ያዞረው የእኔ አንድ ሞተር ከምትዞርበት ጊዜ ባነሰ ጊዜ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰውም፣ ገና መድን ሳይመጣ ስለ መድን ተንብዮ ኖሯል እላለሁ።

እስከ ዛሬ ሊብሬው በስሜ ነው። ወጣቱ ትዕግሥት አጥቶ ሞተሩን ቢያስነሣና ሰው ቢገጭ፣ ሽፋኑ የተላጠ፣ ፖሊስ የሚያንኳኳው ግን የእኔን ደጅ ነው። ሞተሬን ሸጬ ፍርሃቴን መሸጥ አልቻልሁም።

በመጨረሻም አንድ የምሥራች አለኝ። በዚያ ምሽት ገደብ ገብቼ ኮቴን ሳወልቅ፣ የጎደለችው አኃዝ ከእጅጌዬ ጫፍ ተጣብቃ ተገኘች፤ ሰባት ቁጥር ናት። መዝገባችሁ እንዳይጎድል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
የቀድሞ ደንበኛችሁ
ገደብ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

አባሪ፦ አንዲት የሰባት ቁጥር ቁራጭ፣ በሶፍት የተጠቀለለች
ግልባጭ፦ ሞተሩን ደጁ ላይ አቁሞ አቧራውን ለሚጠርገው ገዢ