ሳይታመሙ መመርመር

በጉማራ ወንዝ አጠገብ፣ በወንዛዬ ፍል ውሃ፣ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈጅተው በ60 ዓመታቸው ጡረታ የወጡ አረጋውያን፣ ጉልበታቸውንና ወገባቸውን ሊያስታምሙ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ሱባኤ ቆጥረው ሲሰነብቱ ያየ ሰው፣ ጤናውን እንደዚህ የሚጠብቅ ትውልድ በዓለም አይገኝም ብሎ ቢመሰክር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከእነዚሁ ክቡራን አንዱን፣ «አባባ፣ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ጎራ ብለው የደም ግፊትዎን ቢያስለኩስ?» ያሏቸው እንደሆነ፣ ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» ሲሉ በኖሩበት በዚያው ግርማ፣ «ምኔን አመመኝና? ሳይታመሙ ሐኪም ቤት መሄድ በሽታን ደግሶ መጥራት ነው» ብለው ይመልሳሉ። የደም ግፊትም ጨዋ ነውና፣ ድምፁን ሳያሰማ ሥራውን ይሠራል።

ሆኖም በአረጋውያኑ ብቻ መሣቅ ግፍ ነው፤ መንግሥትም በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690ን ሲያውጅ ጡረተኛውን ከሠራተኛው ጋር በስም ከጠራ በኋላ፣ አፈጻጸሙን ከዓመት ወደ ዓመት ሲያሸጋግር ቆይቷልና። በአንጻሩ መዝገብ ቤት ገብቶ የማያውቀው የፎገራ ወረዳ ገበሬ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ወረዳው ከቀዳሚዎቹ ተቆጠረለት።

እንግዲህ ወደ ወንዛዬ የምትወርዱ አባቶችና እናቶች፣ ፍል ውሃ የደም ሥርን አስፍቶ ግፊትን ያወርዳልና፣ በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከውሃው ሲነሣ ራሱን ሊያዞረው ስለሚችል፣ አስቀድማችሁ ክንዳችሁን ለሆስፒታሉ ነርስ ስጡ፤ ልኬቱ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ማመልከቻም አይጠይቅም።